ካንዲዶ ሎፔዝ፤ ጦርነትን በግራ እጁ የሣለው ሠዓሊ

ስለ አርጀንቲና በተነሣ ጊዜ ብዙዎቻችን ፈጥነን የምናስበው ከብቶቿንና ሰፊውን ሜዳዋን፥ ወይም የእግር ኳስ ተጫዋቾቿን ነው። ስለ ሠዓሊዎቿ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ያች አገር እርስ በርሱ የማይመሳሰል ብዙ ዓይነት ሠዓሊ አፍርታለች። ቤኒቶ ኪንኬላ ማርቲን በቡዌኖስ አይሬስ ወደብ በላ ቦካ መርከቦቹንና በጀርባቸው ሸክም የሚያወርዱትን ሠራተኞች በወፍራም ቀለም ሣለ። ፍሎሬንሲዮ ሞሊና ካምፖስ ጋውቾ የሚባለውን የገጠር ፈረሰኛ ዓይኑን አፍጥጦ በሚያስቅ አኳኋን እየሣለ፥ በግድግዳ ላይ በሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ አማካይነት ለሕዝቡ አዳረሰ። አንቶኒዮ ቤርኒ ደግሞ የተጣለ ቆርቆሮና እንጨት እየለቀመ በሸራ ላይ በማጣበቅ የድኻ ልጆችን ኑሮ አሳየ። እኛ ግን ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የመረጥነው ከነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የነበረውን፥ በሕይወቱ ሳለ ከሠዓሊዎች መካከል እንኳ በወጉ ያልተቆጠረውን ካንዲዶ ሎፔዝን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ካንዲዶ ሎፔዝ በኦገስት 29 ቀን 1840 ዓ.ም. በቡዌኖስ አይሬስ ከተማ ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ ካርሎስ ዴስካልሶ ከሚባል የሰው መልክ ሠዓሊ ዘንድ ሥዕል ተማረ፤ ኋላም ከኢጣሊያ ከመጡት ከባልዳሳሬ ቬራሲና ከኢግናሲዮ ማንሶኒ ትምህርቱን ቀጠለ። ነገር ግን ሥዕል ብቻውን እንጀራ አያበላም ነበርና ፎቶግራፍ ማንሣትንም ሙያው አደረገ። ከ1859 ዓ.ም. ጀምሮ ሁዋን ሱላ ከሚባል ባልደረባው ጋር ሆኖ በቡዌኖስ አይሬስ ክፍለ ሀገር ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ የነጋዴውንና የባለርስቱን መልክ ያነሣ ነበር። በ1862 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔራል ባርቶሎሜ ሚትሬን መልክ በቀለም ሣለ፤ ሚትሬም በዚያው ዓመት የሪፑብሊኩ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እኒህ ሰው በሎፔዝ ሕይወት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ይመጣሉና አንባቢ ስማቸውን በልቡ ያኑር።

ስለ ፎቶግራፍ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው መልኩ በሰሌዳው ላይ እስኪታተም ድረስ ትንፋሹን ውጦ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት፤ ቢነቃነቅ መልኩ ጉም ይሆናል። ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚሮጠውንና የሚወድቀውን ሰው ሊይዝ አይችልም ነበር። በኋላ በምንናገረው ጦርነት ጊዜ ባቴ የሚባል የሞንቴቪዴዎ ኩባንያ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ወደ ጦሩ ሜዳ ልኮ ነበር፤ እነሱም ይዘው የተመለሱት የድንኳኑን፥ የመድፉንና የሬሳውን መልክ እንጂ የውጊያውን አይደለም። ሎፔዝ ሁለቱንም ሙያ የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ ፎቶግራፉ የት ላይ እንደሚያቆም አሳምሮ ያውቅ ነበር ብለን እንገምታለን።

በ1864 ዓ.ም. መጨረሻ በፓራጓይና በብራዚል መካከል ጦርነት ተነሣ። የፓራጓይ ገዥ ፍራንሲስኮ ሶላኖ ሎፔዝ (ለሠዓሊያችን የስም ሞክሼ እንጂ ዘመድ አይደለም) ሠራዊቱ በአርጀንቲና ምድር ላይ እንዲያልፍ ፈቃድ ጠይቆ ተከለከለ፤ ስለዚህ በ1865 ዓ.ም. በአፕሪል ወር ኮሪየንቴስ የምትባለውን የአርጀንቲና ከተማ በኃይል ያዘ። በሜይ 1 ቀን አርጀንቲና፥ ብራዚልና ኡራጓይ በአንድነት ሆነው ፓራጓይን ለመውጋት ቃል ኪዳን ተፈራረሙ። ፕሬዚዳንት ሚትሬም የሦስቱ አገሮች ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሆኑ። ሎፔዝ በዚያ ጊዜ በፓራና ወንዝ ዳር ባለችው በሳን ኒኮላስ ከተማ ነበር። ዕድሜው 24 ዓመት ነው፤ በፎቶግራፉም ሥራ እንጀራውን ያገኛል። ሥራውን ትቶ ከሳን ኒኮላስ በጎ ፈቃደኞች ጋር ዘመተ፤ የምክትል መቶ አለቅነትም ማዕርግ ተሰጠው።

ከሌሎቹ መኰንኖች የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጓዙ ውስጥ የሥዕል ደብተር ይዟል። ሠራዊቱ ወንዝ ሲሻገር፥ ሲሰፍር፥ ከብት ሲያርድ፥ በሰልፍ ሲቆም፥ ጊዜ ባገኘ ቍጥር በእርሳስ ይነድፍ ነበር። የዛፉን ዓይነት፥ የድንኳኑን አሰላለፍ፥ የያንዳንዱን ባታሊዮን ቦታ አስተውሎ ይመዘግባል። በዚህ አኳኋን ሠራዊቱ ከያታይ ጦርነት አንሥቶ፥ የኡሩጓያናን ከተማ አስለቅቆ፥ በ1866 ዓ.ም. በአፕሪል ወር የፓራናን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ፓራጓይ ምድር ገባ። በሜይ 24 ቀን በቱዩቲ ረግረግ የተደረገው ጦርነት በደቡብ አሜሪካ ታሪክ ከተደረጉት ውጊያዎች ሁሉ ትልቁ ነው ይባላል። ሎፔዝ ይህን ሁሉ አልፎ አንድ ቍስል ሳያገኘው ሴፕቴምበር ወር ደረሰ።

ኩሩፓይቲ በፓራጓይ ወንዝ ዳር ከፍ ባለ ገደል ላይ ያለ ምሽግ ነው። የሦስቱ አገሮች ጦር እዚያ በሴፕቴምበር 17 ቀን ሊመታ ቆርጦ ነበር፤ ዳሩ ግን ብርቱ ዝናም ስለ ጣለ ቀኑ እየተላለፈ ሄደ። ያ ዝናም የብዙ ሰው ዕድል ለወጠ። የፓራጓዩ ጄኔራል ሆሴ ኤዱቪሂስ ዲያስ ወታደሮቹን ቀንና ሌሊት እያስቈፈረ አዲስ ቦይ አዘጋጀ፤ ከቦዩም ፊት እሾሃማ ዛፍ እያስቈረጠ ቅርንጫፉን ወደ ጠላት አዙሮ እንደ አጥር አነጠፈው። ከአጥሩም ወዲያ ረግረግ ነው። በምሽጉ ውስጥ ወደ 5,000 የሚሆኑ ወታደሮችና ወደ 50 የሚጠጉ መድፎች ነበሩ።

በሴፕቴምበር 22 ቀን ጠዋት የብራዚል የጦር መርከቦች ከወንዙ ሆነው ምሽጉን ለብዙ ሰዓት በመድፍ ደበደቡ። ግን ምሽጉ ከወንዙ በላይ በከፍታ ስለ ነበረ አብዛኛው ጥይት ወይ ገደሉን ይመታል፥ ወይ ከበላዩ ያልፋል። በመርከቦቹም በኩል ሥራው ተፈጽሟል ተብሎ ምልክት ተሰጠና በእኩለ ቀን ላይ ወደ 20,000 የሚጠጋ የብራዚልና የአርጀንቲና እግረኛ ጦር በአራት ረድፍ ሆኖ ወደ ፊት ሄደ። የአርጀንቲና መኰንኖች ለበዓል እንደሚሄድ ሰው የክብር ልብሳቸውን ለብሰው ነበር ይባላል። ረግረጉ እስከ ጕልበታቸው ያዛቸው፤ ወደ እሾሁ አጥር ሲደርሱ መድፎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተከፈቱባቸው። እስከ ምሽቱ መዳረሻ ድረስ ደጋግመው ቢሞክሩም ወደ ውስጥ የገባ ጦር አልነበረም። ሚትሬ ሠራዊቱ እንዲመለስ ባዘዙ ጊዜ ከአጥቂዎቹ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው ሞቶና ቈስሎ ነበር፤ በምሽጉ ውስጥ የነበሩት ፓራጓዮች የደረሰባቸው ጕዳት ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ከሞቱት መካከል አንዱ ካፒቴን ዶሚንጎ ፊዴል ሳርሚዬንቶ ሲሆን፥ የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ አባቱም ከሁለት ዓመት በኋላ የአርጀንቲና ፕሬዚዳንት ሆነ። የምክትል ፕሬዚዳንቱም ልጅ እዚያው ቀረ። ይህን የምንጽፈው የትልልቆቹን ሰዎች ልጆች ከሌላው ለይተን ለማልቀስ አይደለም፤ ረግረጉ ማንንም አለመምረጡን ለማመልከት ነው።

ካንዲዶ ሎፔዝ ወታደሮቹን እየመራ ወደ ቦዩ ሲቀርብ የመድፍ ፍንጣሪ ቀኝ እጁን ሰባበረው። ሰይፉን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ጥቂት ጊዜ ወደ ፊት ሄደ ይባላል፤ ደሙ ግን ብዙ ስለ ፈሰሰ ከውጊያው መውጣት ግድ ሆነበት። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ክንዱን ከአንጓው በላይ ቈረጡት። ቍስሉ ስላልዳነና ሥጋው መበስበስ ስለ ጀመረ ከጊዜ በኋላ እንደ ገና ከክርኑ በላይ ተቈረጠ። ሠዓሊ ነው፤ ዕድሜው 26 ዓመት ነው፤ ደብተሮቹ በሥዕል ተሞልተዋል፤ የሚሥልበት እጅ ግን የለውም።

እዚህ ላይ ከክፍላችን ጥቂቶቻችን አንድ ማታ በጥናት ሰዓት ያደረግነውን ብንናገር አንባቢ አይፈርድብንም። ሁላችን ቀኝ እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን በግራ እጃችን የየራሳችንን ስም ለመጻፍ ሞከርን። የወጣው ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስል ነበር። ስም መጻፍ እንዲህ ከሆነ፥ በአንድ ሥዕል ውስጥ እያንዳንዱ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ብዙ መቶ ወታደር፥ ከነጠመንጃውና ከነቦርሳው መሣልስ ምን ያህል ይሆን?

ሎፔዝ ወደ አገሩ ተመልሶ ግራ እጁን እንደ ሕፃን ልጅ ከመጀመሪያ ጀምሮ ማስተማር ያዘ። ዓመታት ወሰደበት። እስከዚያ ጦርነቱ አልቆ ነበር፤ በማርች 1 ቀን 1870 ዓ.ም. የፓራጓዩ ገዥ በሴሮ ኮራ ተገደለ፤ ፓራጓይም ከሕዝቧ እጅግ ብዙውን አጥታ ባዶ ቀረች። ከነዚያ ከሦስቱ አገሮች ውስጥ ድሉን በደስታ ሲያከብር የነበረው ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደየሥራው ሄደና ጦርነቱን መርሳት ጀመረ። ሎፔዝ ግን ያን ጊዜ ገና መጀመሩ ነበር። የእርሳስ ንድፎቹን አውጥቶ በፊቱ ዘረጋ፤ በደብተሩ ላይ ከሣላቸውና በልቡ ካኖራቸው ነገሮች ተነሥቶ በዘይት ቀለም ትልልቅ የጦርነት ሥዕሎችን መሥራት ያዘ። ሐሳቡ ዘጠና ሥዕል ሠርቶ የዘመቻውን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማሳየት ነበር።

በ1872 ዓ.ም. ኤሚሊያ ማጋሊያኔስ የምትባል ሴት አገባ፤ አሥራ ሁለት ልጆችም ወለዱ። ይህን ያህል ቤተ ሰብ በሥዕል ለማኖር አይቻልምና ከከተማ ወጥቶ በገጠር እርሻ እየያዘ ይሠራ ነበር። ከዚህ ዘመን ጀምሮ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ፍራፍሬና የምግብ ዓይነት የሚያሳዩ፥ ለመብል ቤት ግድግዳ የሚሆኑ ሥዕሎችም ሠርቷል። ከነዚህም በአንዳንዶቹ ላይ የፈረመው ዜፖል ብሎ ነው፤ ሎፔዝ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ጽፎ ከኋላ ወደ ፊት ለሚያነበው ሰው ዜፖል ይሆናልና። እውነተኛ ስሙን ለጦርነቱ ሥዕሎች አስቀምጦት ይሆን? እኛ እንደዚያ ለማሰብ ወደናል።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ እንምጣ። እኛ ያየናቸው በመጽሐፍ ታትመው ነው፤ ቢሆንም አንዴ ያያቸው ሰው ከሌላ ሠዓሊ ሥራ ጋር አያምታታቸውም። ቅርጻቸው ቀጭንና ረዥም ነው፤ ከታች ወደ ላይ ግማሽ ሜትር አይሞሉም፥ ከግራ ወደ ቀኝ ግን ከአንድ ሜትር አንሥቶ እስከ ሜትር ተኩል ይዘረጋሉ። ተመልካቹ በኮረብታ ላይ ወይም በዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቍልቍል የሚያይ ይመስላል። ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ከበታቹ እንደ ጕንዳን ሰልፍ ብዙ ሰዎች ይታያሉ። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን ጕንዳኖቹ እያንዳንዳቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሥጋ ይጠብሳል፥ አንዱ ልብሱን ያሰጣል፥ አንዱ የወደቀ ጓደኛውን ይጎትታል። አርእስቶቹም የሚያስገርሙ ናቸው። ሌላ ሠዓሊ ክብር ወይም ድል ብሎ በሚሰይምበት ቦታ ሎፔዝ የቦታውን ስም፥ ከየት አቅጣጫ እንደሚታይና ቀኑን ከነወሩ ከነዓመቱ ይጽፋል፤ የፍርድ ቤት ምስክር ቃሉን እንደሚሰጥ ማለት ነው።

በሥዕሎቹ ውስጥ ጀግናው ማን እንደ ሆነ ብንፈልግ አላገኘንም። በዚያ ዘመን የጦርነት ሥዕል ማለት ጄኔራሉ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ሰይፉን መዝዞ በመካከል የሚቆምበት፥ ሌላው ሁሉ ከሥሩ የሚርመሰመስበት ነበር። በሎፔዝ ሥራ ጄኔራሉ ቢኖር እንኳ ከእግረኛው በቁመት አይበልጥም። ከክፍል ጓደኞቻችን መካከል አንዳንዶቹ ሰዎቹ የሕፃን ልጅ ሥዕል ይመስላሉ፥ የአካል አሣሣል አያውቅም ብለው ተከራክረውናል። እኛ ግን አይቶ የሚሥል ሰው እንጂ አምሮ እንዲታይለት የሚሥል ሰው አይደለም ብለን መልሰናል፤ በክርክሩም አልተሸነፍንም።

ለማነጻጸር አንድ ምሳሌ እንስጥ። በ1892 ዓ.ም. አንኸል ዴላ ቫሌ የተባለው ሠዓሊ የአገሬው ነባር ሕዝብ ፈረሰኞች ከተማ ዘርፈው አንዲት ነጭ ሴት ማርከው ሲመለሱ የሚያሳይ እጅግ ትልቅ ሥዕል ሠራ፤ በዓመቱም ሥዕሉ ወደ ቺካጎ ኤግዚቢሽን ተላከ፤ ብዙ ሰው አደነቀው። ፈረሶቹ ይጋልባሉ፥ ሰማዩ ይጠቍራል፥ ጠላቱም ጠላት ሆኖ ይታያል። በዚያው በ1892 ዓ.ም. ካንዲዶ ሎፔዝ ከያታይ ጦርነት በኋላ የተማረኩትን ቍስለኛ የፓራጓይ ወታደሮች ሣለ። የተሣሉት የጠላት ወታደሮች ናቸው፤ እጁን የቈረጠውም የዚያው ጦር መድፍ ነበር። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ የሚታየው ቍስለኛ ሰው ብቻ ነው። በ1893 ዓ.ም. ደግሞ ከኩሩፓይቲ ጦርነት በኋላ ያለውን ሜዳ ሣለ፤ ቀይ ልብስ የለበሱት ፓራጓዮች በሬሳዎቹ መካከል እየዞሩ ልብስ ይገፍፋሉ። ይህንም ያሳየው ሊያዋርዳቸው አይመስለንም፤ እነዚያ ወታደሮች ልብስ የሌላቸው ድኾች ነበሩና። የራሱ ጓዶች ራቍታቸውን ወድቀዋል፤ ሎፔዝ አልሸፈናቸውም፥ አልቀሰቀሳቸውምም። ሽንፈቱን በተሸነፈበት ልክ አስቀምጦታል።

በሕይወቱ ሳለ ሥዕሎቹን ለብቻቸው ለሕዝብ ያሳየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይኸውም በ1885 ዓ.ም. በቡዌኖስ አይሬስ በሚገኘው በጂምናስቲክና በጐራዴ ጨዋታ ክበብ ሲሆን፥ 29 ሥዕሎች ቀርበው ነበር። የጥበብ ክበብ ሳይሆን የስፖርት ክበብ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ያን ጊዜ ነው የቀድሞው ጠቅላይ አዛዥ ጄኔራል ሚትሬ እንደ ገና የሚመጡት። ሥዕሎቹ ቦታውንና ሁኔታውን በእውነት የሚያሳዩ የታሪክ ማስረጃ ናቸው ሲሉ በጽሑፍ መሰከሩለት። በኩሩፓይቲ ወደ ፊት ሂዱ ያሉት እሳቸው ነበሩ፤ የዚያን ቀን መልክ እውነት ነው ብለው በእጃቸው መፈረማቸው ለሁለቱም ክብር ነው እንላለን። በ1887 ዓ.ም. መንግሥት 32 ሥዕሎች ከሎፔዝ ገዛ፤ ሥዕሎቹም በ1889 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው የታሪክ ቤተ መዘክር ገቡ።

ሰነድ ተብለው ተገዙ፤ ሥዕል ተብለው ግን አልነበረም። በዚያ ጊዜ የአገሩ የጥበብ ዐዋቂዎች ዓይን ወደ ፓሪስና ወደ ኢጣሊያ ይመለከት ነበርና አንድ እጅ ያለው የገጠር ገበሬ ያመጣውን ነገር ከሥዕል አልቈጠሩትም። ሎፔዝ ግን አላቆመም። የኩሩፓይቲን ቦይ በ1899 ዓ.ም. ሣለው፤ የብራዚል መርከቦች በዚያ ጠዋት ምሽጉን ሲደበድቡ የሚያሳየውን ሥዕል የሠራው በ1901 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዕድሜው ስድሳ ዓመት አልፎ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ 35 ዓመት ሆኗል፤ እሱ ግን አሁንም ያው ወንዝ ዳር ቆሞ ነበር። ካሰባቸው ዘጠና ሥዕሎች መካከል ከሃምሳ በላይ የሆኑትን ሠርቶ በዲሴምበር 31 ቀን 1902 ዓ.ም. በቡዌኖስ አይሬስ ሞተ።

ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ሰዎች እንደ ገና ያዩት ጀመር። የጥበብ ታሪክ ጸሓፊው ሆሴ ሌዎን ፓጋኖ በ1930ዎቹ መጨረሻ ስለ አርጀንቲና ጥበብ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ሎፔዝን ከታሪክ ሰነድ አውጥቶ ከሠዓሊዎች ተራ አስገባው፤ ዛሬም በ19ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት የአገሩ ሠዓሊዎች ከዋናዎቹ አንዱ ተብሎ ይቈጠራል። በ2005 ዓ.ም. ሆሴ ሉዊስ ጋርሲያ የተባለ የፊልም አዘጋጅ የነዚያን ሥዕሎች ፍለጋ ተከትሎ ወደ ጦር ሜዳዎቹ ሄዶ ፊልም ሠርቷል። ሥዕሎቹ በሁለት ቤት ተከፍለው ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ በታሪክ ቤተ መዘክር፥ ሌሎቹ ደግሞ ሬኮሌታ በሚባለው ሰፈር ባለው በብሔራዊው የጥበብ ቤተ መዘክር ናቸው። የሎፔዝም መቃብር በዚያው በሬኮሌታ ነው፤ ከፓራጓይ ዘማቾች ጋር በአንድ ሐውልት ሥር ተቀብሯል፥ ከጥበቡም ቤተ መዘክር በእግር ጥቂት ደቂቃ ያስኬዳል።